ውሃ የሚያቁር ግቢ በባሕር ዳር፦ አሸንዳ፣ ፈሰስ፣ ቱቦ፣ ጉድጓድና ፓምፕ ሲመዘኑ

ክረምት ሲቃረብ ለረጠበ ግቢ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። ግንበኛው የድንጋይ ቦይ ይሠራ ይላል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦ እንቅበር ይላል፣ ባለ ሲኖትራኩ ሁለት ቢያጆ ገረጋንቲ ይበቃዋል ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ባህር ዛፍ ትከሉበት ይላል። ሁሉም የሚመክረው በእጁ ያለውን ነው። እዚህ ሁሉንም በአንድ ግቢ ላይ እንመዝናቸዋለን፦ ቦታው 200 ካሬ ሜትር፣ የቆርቆሮ ጣራው 100 ካሬ ሜትር፣ አፈሩ ዋልካ (ሲረጥብ የሚያብጥ ጥቁር የሸክላ አፈር)፣ መሬቱ ሜዳ፣ ከበሩ ውጪ የመንገድ ዳር ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) አለ። የባሕር ዳር ግቢ አብዛኛው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዋጋ አንጽፍም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም። መጠኑን እንጽፋለን፣ ዋጋውን እናንተ ሱቅ ላይ ታባዙታላችሁ።

የውሃውን ልክ ማወቅ ይቅደም። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ሐምሌ ብቻውን 400 አካባቢ ይይዛል። አንድ ጠንካራ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከዚህ ጣራ ላይ 5,000 ሊትር ይወርዳል፣ 25 በርሜል ማለት ነው። ከቀሪው መሬት ላይ ሌላ 25 በርሜል። የምንመርጠው ነገር ይህን ያህል ውሃ በሰዓታት ውስጥ ከግቢ ማስወጣት አለበት።

ውሃው ከየት ነው የመጣው?

ዝናቡ ባቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ውሃው ቤቱን ተከትሎ ከቆመ የጣራ ውሃ ነው። ከአጥር ሥር እየሰረገ ከገባ የጎረቤት ወይም የመንገድ ጎርፍ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሳይዘንብ መሬቱ ከሥር እያላበ ከቆየ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሏል። ሌላው ሁሉ ደርቆ አንድ ጥግ በየካቲትም ከረጠበ ግን ነገሩ ከክረምት ጋር አይገናኝም። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉና ጠዋት ተመልከቱ፤ ከጨመረ የሚያፈስ መስመር አለ። ካልጨመረና ሽታ ካለው ሴፕቲክ ታንኩን አስፈትሹ። ለእሱ የሚሆን መድኃኒት እዚህ ከምንመዝናቸው ውስጥ የለም።

የከርሰ ምድር ውሃን ለማወቅ በነሐሴ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩና ዝናብ እንዳይገባበት በቆርቆሮ ክደኑ። በማግስቱ ውሃ ተኝቶበት ከተገኘ ከመሬቱ ገጽ እስከ ውሃው ያለውን ለኩ፤ ይህ ቁጥር የቀጣዩን ምርጫ ግማሽ ይወስናል። ሐይቁ ዳርና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዙሪያ መለኪያው በመስከረም መጨረሻ መደገም አለበት፤ የጣና ውሃ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነውና። መስቀል አልፎ እንኳ የማይደርቅ ግቢ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ዝናቡን ማስወጣት ይቻላል፤ ሐይቁን ማስወጣት ግን አይቻልም።

አሁን ደግሞ ወደ ዋልካ ተንኮል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል። በሚያዝያ አንድ ባልዲ ውሃ ብታፈሱበት በስንጥቁ ገብቶ በቅጽበት ይጠፋል፤ ይህን አይቶ "መሬቱ ውሃ ይጠጣል" ብሎ የማስረጊያ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ብዙ ነው። ሰኔ ላይ አፈሩ ረጥቦ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ያው መሬት ሊሾ ይሆናል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሁን፦ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሞልታችሁ ለአንድ ሙሉ ቀን እየጨመራችሁ እንደሞላ አቆዩት፣ በማግስቱ እንደገና ሞልታችሁ በአንድ ሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በሜትር ለኩ። ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃን ወደ መሬት የማስረግ ሐሳብ ሁሉ ይቅር። ረጥቦ ያበጠ ዋልካ የሚሰጣችሁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አሸንዳ፦ ያለ ክርክር አንደኛ

ከግቢው ውሃ ግማሹ ጣራ ላይ እያለ ሊያዝ ይችላል። መሬት ከነካ በኋላ ግን ጭቃ ሆኖ ነው የሚገኘው። ብዙ ቤት አሸንዳ ሳይኖረው ቱቦ ለማስቀበር መሄዱ ይገርመናል።

የልኩ ቀላል ሕግ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ካሬ ሜትር ጣራ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአሸንዳና የመውረጃ ቱቦ ሆድ (ተቆርጦ ሲታይ የውስጡ ስፋት) ያስፈልጋል። የ75 ሚሊ ሜትር መውረጃ 44 ካሬ ሜትር ጣራ ይችላል፤ 110 ሚሊ ሜትሩ 95 ገደማ። ስለዚህ ለ100 ካሬ ጣራ ሁለት 75 አይበቃም፣ ሁለት 110 ተመችቶት ይሠራል። ላሜራው 28 ጌጅ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጭኑ 32 ጌጅ በቅጠልና በውሃ ክብደት ይጎብጣል፣ የጎበጠበት ቦታ ውሃ ያቁራል፣ እዚያው ይዝጋል። መያዣው በየ60 እና 70 ሳንቲ ሜትሩ ይመታ፤ ተዳፋቱ ለ1 ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ትልቁ ጥፋት መጨረሻው ላይ ነው። መውረጃው ከመሠረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ መሬት ላይ የሚለቅ ከሆነ ሁለት ሺህ ሦስት ሺህ ሊትር አንድ ጥግ ላይ እያፈሰሳችሁ ነው። ዋልካው እዚያ ብቻ ያብጣል፣ በበጋ እዚያ ብቻ ይሸበሸባል፣ ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ከመውረጃው እስከ ቦዩ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ፒቪሲ ይዘርጋ። ሮቶ ማስቀመጥ ለምትፈልጉ፦ 2,000 ሊትሩ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል። ለበጋ ውሃ ጥሩ ነው፣ ግቢ ያደርቃል ብላችሁ ግን አትቁጠሩት፤ የሞላው ውሃ መውጫም ቱቦ ይፈልጋል።

ፈሰስ እና የድንጋይ ቦይ፦ የእኛ ምርጫ

የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ዋልካ ማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛ በማረሻ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ትልም፣ ያወጣል። ለጠፍጣፋ ዋልካ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስካሁን አላየንም፤ ውሃ በዚህ አፈር ውስጥ አይሄድም፣ በላዩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ላዩን መንገድ ስጡት።

ከሁሉ በፊት መሬቱን ማስተካከል። ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ ባለው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ውጪ 1 ሳንቲ ሜትር ለ1 ሜትር ይበቃል። ይህ የአካፋና የዶማ ሥራ ነው፤ በብዙ ግቢ ብቻውን ነገሩን በግማሽ ያቀልለዋል።

ቦዩ ግቢውን አቋርጦ ወደ በሩ ዲች ይወርዳል። 15 ሜትር እንበል። ለ1 ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብንሰጠው ጠቅላላ ዝቅታው 7.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የጀመረ ቦይ መውጫው ላይ 28 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ቱቦ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ስፋቱን ውሃው አይወስነውም። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ከዚህ ግቢ የሚያወጣው በሰከንድ 5.6 ሊትር ነው፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቦይ የዚህን ሦስት አራት እጥፍ ያሳልፋል። ስፋቱን የሚወስነው አካፋ ነው። አካፋ የማይገባበት ቦይ አይጠረግም፣ ያልተጠረገ ቦይ ደግሞ በሁለት ክረምት ይደፈናል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር።

ሳይገነባ በአፈር ይቅር ካላችሁ ጎኑን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት። ዋልካ ሲረጥብ ይናዳል፤ ጎኑ ቢያንስ ወደ ውጪ 45 ዲግሪ ይጋደም፣ ሣር ይልበስ። ጠባብ ግቢ ላይ ይህ ቦታ ይበላል፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በድንጋይ ያስገነባዋል። ለ15 ሜትር ቦይ፣ ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 30 ከፍታ፣ ወለሉ 15 ውፍረት ቢሆን ግንቡ 4 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፦ 5 ሜትር ኩብ ጥቁር ድንጋይ፣ 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ባለ 50 ኪሎ 10 ከረጢት ሲሚንቶ፤ ቡኮው 1 ሲሚንቶ ለ 4 አሸዋ።

የሚበላሸው የት ነው? ሦስት ቦታ። አንደኛ፣ ግንቡ በቀጥታ ዋልካ ላይ ይቀመጣል፣ በሁለተኛው ክረምት አፈሩ ሲያብጥ ይሰነጠቃል። ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ተደልድሎ ይጠቅጠቅ፣ በየ3 ሜትሩም ግንቡ ይቆረጥ፤ ስንጥቁ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን እናንተ በመረጣችሁት ቦታ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ግንበኛው ለውበት ሲል የቦዩን ከንፈር ከመሬቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ውሃው ቦዩን እያየ ውጪ ይተኛል። ከንፈሩ ከመሬቱ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሦስተኛ፣ ጎኑ ድፍን ይሆንና ከአፈሩ የሚያልበው ውሃ መግቢያ ያጣል። በየ1 ሜትሩ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይተውለት፤ ከጀርባው አንድ አካፋ ጠጠር ይደረግ።

መኪና የሚያልፍበት ላይ የፌሮ ግሪል ወይም የኮንክሪት ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑ በሁለት ሰው የሚነሳ ይሁን፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይርዘም። ለዘለዓለም የተለሰነ ክዳን አይተን እናውቃለን፤ ከሥሩ ያለው ቦይ ሳይሆን የአይጥ ቤት ነው።

የተቀበረ ቱቦ፦ ሁኔታው ሲፈቅድ ግሩም፣ ሳይፈቅድ የተቀበረ ገንዘብ

ጠጠር የተሞላ ቦይ፣ ውስጡ የተቀዳደደ ቱቦ፣ ዙሪያው ጨርቅ። ግቢው ንጹህ ሆኖ ይታያል፣ ልጅ አይወድቅበትም፣ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ግን መጀመሪያ የመውጫውን ጥልቀት አስሉ። ላይኛው ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከጀመረና ለ20 ሜትር በ1 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ከወረደ፣ መውጫው ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የመንገዱ ዲች ጥልቀት 50 ከሆነ ውሃው ሽቅብ አይሄድም፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። የድንጋይ ቦዩ ግን በ28 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ሄዷል። በጠፍጣፋ ከተማ ላይ ቱቦን ከጨዋታ የሚያስወጣው በአብዛኛው የዕቃው ጥራት አይደለም፣ ይህ የ42 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው።

ዲቹን ደግሞ በበጋ አትለኩት። በሐምሌ፣ ዝናቡ እየጣለ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው ዲቹ ውስጥ እስከ የት እንደሚቆም በግንቡ ላይ ምልክት አድርጉ። ቱቦው ከዚያ ምልክት በታች ከወጣ፣ ውሃው እንዲወጣ በምትፈልጉበት ሰዓት ወደ ውስጥ ይመለስባችኋል። ወደ ዲቹ ለማገናኘት ማዘጋጃ ቤቱን ማስፈቀድም አይዘንጋ፤ የተቆረጠ አስፋልት ወይም የተቦረቦረ የዲች ግንብ በራሳችሁ ወጪ ነው የሚጠገነው።

መውጫው ከተሟላ ወደ ዕቃው እንሂድ።

ቱቦ። 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በ6 ሜትር ቁራጭ ይሸጣል፤ ለ20 ሜትር 4 ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ርካሹ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል፤ ለሽንት ቤት ጭስ ማውጫ እንጂ ለመቀበሪያ አይሆንም። የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ውሰዱ፣ ጫፉን በሜትር ለኩ፣ ሻጩ በሚለው አትመኑ። በጥቅል የሚመጣው ጥቁር፣ ሽንሽን፣ ከፋብሪካ የተቀዳደደ ቱቦ ካገኛችሁ ቀዳዳ የመብሳት ድካም ይቀርላችኋል፤ ነገር ግን እንደ እባብ ስለሚጠማዘዝ ተዳፋቱን መጠበቅ ይከብዳል፣ በየመታጠፊያው ደለል ይይዛል። በሜዳ መሬት ላይ ቀጥ ያለውን ፒቪሲ እንመርጣለን።

ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ፦ ሁለት ረድፍ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ፤ ለአንድ ቱቦ 120 ቀዳዳ። ሲበሳ የሚንጠለጠለውን ፍርፋሪ በቢላ ላጩት፣ አለዚያ ቅጠልና ሥር ይይዛል። ቀዳዳው ወደ ታች ይሁን፤ የቱቦውን ክብ እንደ ግድግዳ ሰዓት ብታስቡት በ4 እና በ8 አቅጣጫ። "ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ቀዳዳውም ወደ ላይ" የሚል ሠራተኛ ይገጥማችኋል። ውሃው ግን ጠጠሩን አልፎ ከታች እየሞላ ነው ወደ ቱቦው የሚደርሰው፤ ቀዳዳው ላይ ከሆነ ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ቦዩ 11 ሳንቲ ሜትር ከሞላ በኋላ ነው።

ጠጠር። ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ጠጠሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 20 ሜትር ርዝመት፦ 4 ሜትር ኩብ። 02 ጠጠር ይሁን፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ግድም የማያንስ። አንድ እፍኝ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉት፤ ውሃው ወፍራም ጭቃ ከሆነ በወንፊት ሳይታጠብ እንዳይገባ። ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ፍርፋሪ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ያጓጓል፤ ችግሩ ይፈረፈራል፣ ዱቄቱም ወደ ታች ወርዶ ቱቦው ሥር ይጋገራል። ለእግረኛ መንገድ ሥር ጥሩ፣ ለቱቦ ዙሪያ ሁለተኛ ምርጫ፣ መኪና በሚያልፍበት ግን አይሆንም።

ጨርቅ። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ሁለት መልክ አለው፦ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት የተሸመነና እንደ ቀጭን ብርድ ልብስ የተጠቀጠቀ። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው፣ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት፤ ወዲያው ካላሳለፈ መልሱት። ለዚህ ቦይ ዙሪያውን ጠቅልሎ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲደራረብ 2.1 ሜትር ስፋት፣ በጠቅላላ 42 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ጨርቁ ቦዩን ይሸፍን፣ ጠጠሩ በውስጡ ይሁን። ቱቦውን ብቻ እንደ ካልሲ የሚያለብሱ አሉ፤ በዋልካ ውስጥ ያ ካልሲ በአንድ ክረምት ጭቃ ተለስኖ ይዘጋል፣ የሚያጣራው ስፋት ትንሽ ነውና። የማዳበሪያ ከረጢትን በጨርቅ ፋንታ መጠቀም በከተማው የተለመደ ብልሃት ነው፤ አንዳንዱ ከውስጥ ላስቲክ አለው፣ ውሃ ጭራሽ አያሳልፍም። ጨርቅ ከጠፋ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ንጹህ ሸካራ አሸዋ ከከረጢቱ ይሻላል።

አሁን ዋናው ስህተት። ቦዩ ተሞልቶ ሲያልቅ የተቆፈረው ዋልካ አጠገቡ ተቆልሎ ይገኛል። ሠራተኛው እሱን መልሶ ላዩ ላይ ይደለድላል፣ ይጠቀጥቃል፣ ግቢው ያምራል። ውሃው ከላይ፣ ጠጠሩ ከታች፣ መካከላቸው 15 ሳንቲ ሜትር የማያሳልፍ ክዳን! በዚህ ከተማ "ቱቦ አስቀበርኩ፣ ምንም አልሠራ" ከሚባለው ብዙው እዚህ ላይ የተበላሸ ነው። ጠጠሩ እስከ መሬቱ ገጽ ድረስ ይውጣ፤ ካስጠላችሁ የመጨረሻው 5 ሳንቲ ሜትር በጥሩ ጠጠር ይሸፈን። ዋልካው በሙሉ ከግቢ ይውጣ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዋልካ ውስጥ ቱቦ የሚያደርቀው ግራና ቀኙን አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ነው። አንድ መስመር መሃል ላይ ቀብሮ ግቢው በሙሉ ይደርቃል ማለት ዘበት ነው። ቱቦው የሚያዋጣው ውሃ በሚመጣበት አቅጣጫ አጥሩን ተከትሎ፣ ወይም ከቤቱ መሠረት 1.5 ሜትር ርቆ ውሃውን እንዲያቋርጥ ሲቀበር ነው።

ጥቃቅኑን በአጭሩ፦ ላይኛው ጫፍ ላይ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይውጣና በክዳን ይዘጋ፣ በላስቲክ ጎማ ውሃ እየተገፋ የሚታጠብበት። በመታጠፊያ ላይ አንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ሳይሆን ሁለት ባለ 45። ከመውጫው በፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ማንሆል፣ ወለሉ ከቱቦው 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ በዓመት ሁለቴ በጣሳ ይወጣል። ማንሆሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው። ባሕር ዳር የወባ አገር ናት፣ ክፍት ሆኖ ከአንድ ሳምንት በላይ የተኛ ውሃ ትንኝ ያፈላል። የአሸንዳ ውሃ ወደዚህ ቱቦ እንዳይገባ፤ የተቀዳደደ ቱቦ በግፊት የሚገባውን ውሃ መልሶ ለአፈሩ ያጠጣል።

የማስረጊያ ጉድጓድ፦ በዋልካ ላይ አይገዛም

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 1.5 በ1.5፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ድንጋይ ከሞላበት በኋላ ውሃ የሚይዘው ክፍተት 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከአንድ ጠንካራ ዝናብ የጣራ ውሃ ሲሶው። ዋልካው በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ቢያሳልፍ ከጉድጓዱ ጎንና ወለል በሰዓት 28 ሊትር ይወጣል፤ ባዶ ለመሆን ሁለት ቀን ተኩል ይፈልጋል። በሐምሌ ሁለት ቀን ተኩል የሚታገሥ ዝናብ የለም። በሐይቁ ዳር ደግሞ ከታች ራሱ ይሞላል። ቀይ አፈር ባለበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ፈተናው በሰዓት 2 ሳንቲ ሜትር ከሰጠ፣ ያው ጉድጓድ በ6 ሰዓት ይደርቃል፤ እዚያ ይሁን፣ ከቤቱ 5 ሜትር ርቆ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ጣራ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ብሎ።

ገረጋንቲ መድፋት

100 ካሬ ሜትር ባዶ መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት ሲጠቀጠቅ 20፣ ሲደፋ 25 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የመኪናውን ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ራሳችሁ ለክታችሁ አባዙ፤ "ሙሉ ነው" የሚባለው ጭነት መሃሉ ተቆልሎ ጥጉ ባዶ ይሆናል። በ10 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ንጣፍ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። ለጭቃ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለውሃ ግን አይደለም፤ ውሃው ይገፋል እንጂ አይጠፋም፣ የሚገፋውም ወደ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ ቦይ፣ ቀጥሎ ገረጋንቲ። የተነሳው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ አለዚያ እርጥበቱ ግድግዳውን ይወጣል። በዛፍ ግንድ ላይም አትቆልሉ፣ ሥሩ ይታፈናል። አቮካዶ በተለይ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ሥሩ በስብሶ ይሞታል፤ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ ላዩ ላይ ትከሉት። ማንጎ ከሱ ይታገሣል።

ባህር ዛፍ ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው። ግን በሐምሌ ሳይሆን በጥር አብዝቶ ይጠጣል፣ ዋልካው ቤቱ ሥር ከልክ በላይ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ሥሩም ቱቦ ፍለጋ ይሄዳል። ከቤትና ከቱቦ አጠገብ አይሁን።

ፓምፕ፦ የመጨረሻ አማራጭ

መውጫ በሌለው ዝቅ ያለ ግቢ ብቻ። 1 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ቀለበት 1.5 ሜትር ድረስ ይቀበራል፣ ውሃ መያዣው 1.2 ሜትር ኩብ ይጠጋል። የቆሻሻ ውሃ ፓምፕ ግዙ፣ የጉድጓድ ንጹህ ውሃ ፓምፕ በጭቃ ይጣበቃል። በደቂቃ 100 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ የአንድ ጠንካራ ዝናብ የጣራ ውሃ የሆነውን 5 ሜትር ኩብ በ50 ደቂቃ ይጨርሳል። ውሃው ከፍ ሲል የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ ይኑረው፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅም ቦታ ይተውለት። መብራት ግን የሚጠፋው በአብዛኛው ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ ስለዚህ ጄኔሬተር የሌለው ሰው ፓምፑን ብቻ ተማምኖ አይተኛ። መስመሩ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው፤ እርጥብ ግቢ ውስጥ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ አለ።

ከሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ

ሥራው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ። ሰኔ ግም ካለ በኋላ የተቆፈረ ቦይ ጎኑ እየተናደ ሁለቴ ይቆፈራል። የጉልበት ሥራ በቁርጥ ከሆነ ሠራተኛው ቶሎ መሸፈን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ቱቦው ተዘርግቶ ሳይሸፈን፣ ግማሹ ሲያልቅ። ተዳፋቱ በዓይን አይለካ። ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ውሃ ሞልታችሁ፣ ውስጡ አረፋ እንደሌለ አይታችሁ፣ ከላይኛው ችካል እስከ ታችኛው ለኩ፤ አንዲት የአየር አረፋ ሳንቲ ሜትሮችን ትዋሻለች። ለ20 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ካልመጣ ይስተካከል።

ከዚያ ጠጠሩ ከቱቦው በላይ ከመግባቱ በፊት በላይኛው ጫፍ ሦስት ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ልቀቁበት። ውሃው መውጫው ላይ በደቂቃ ውስጥ ካልታየ፣ ቱቦው የሆነ ቦታ ሆዱ ወደ ታች ወርዶ ውሃ ይዟል። ማታ ባትሪ ይዛችሁ በአንዱ ጫፍ አብሩና በሌላው ተመልከቱ፤ ሙሉ ክብ ብርሃን ከታየ ቀጥ ነው፣ ግማሽ ጨረቃ ከታየ ግን ቱቦው መሃል ላይ ወርዷል፣ ከሥሩ አሸዋ ጨምራችሁ አንሱት።